የቦክስ ከረጢት አመራረጥ፣ አሠራር፣ አሰቃቀልና አመታት

በደሴ በማሠለጥንበት ግቢ በር ላይ ቆሞ የሚጠይቀኝም፣ ከኮምቦልቻ የሚደውልልኝም ሰው የሚያነሣው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «ስንት ኪሎ ከረጢት ይሻለኛል?» ጥያቄው ስለሚደጋገም መልሱን በጽሑፍ ማስቀመጥ መረጥሁ። ክብደት በሦስተኛ ደረጃ የሚታይ ጉዳይ ነው። በመጀመሪያ የሚታየው ከረጢቱ የሚንጠለጠልበት ጣሪያ ወይም ምሰሶ ነው፤ ቀጥሎ የሚታየው ሊያሻሽሉት የፈለጉት ነገር፣ ማለትም ኃይል፣ ፍጥነት ወይም ጭንቅላትን ከቡጢ ማሸሽ ነው፤ ኪሎው የሚወሰነው እነዚህ ሁለቱ ከታወቁ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ የሚጀምር ሰው ዋጋውን የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ በእጁ አንጓ ወይም በቤቱ ጣሪያ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ፦ ጣሪያውን ይመርምሩ

በደሴ የቆዩ ሰፈሮች የሚገኙ ብዙ ቤቶች ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩ ናቸው። የእነዚህ ቤቶች ወራጅ ቆርቆሮ እንዲሸከም እንጂ የሚወዛወዝ ክብደት እንዲሸከም አልተሠራም። ዝም ብሎ የተንጠለጠለ 30 ኪሎና እየተመታ የሚወዛወዝ 30 ኪሎ አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው በእያንዳንዱ ምት ማያያዣውን ወደ ታችም ወደ ጎንም ስለሚጎትት ምስማር ያላላል፣ ግድግዳም ይሰነጥቃል። እኔ በጀማሪነቴ ከረጢቴን በቤታችን ወራጅ ላይ አስሬ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ከግድግዳው ጫፍ የጭቃ ዱቄት ትከሻዬ ላይ መርገፍ ሲጀምር ነገሩ አልገባኝም፤ የገባኝ ወራጁ ጧ ብሎ ተሰንጥቆ እናቴ ከጓሮ እየሮጠች ስትመጣ ነው።

ስለዚህ ያለዎት ምርጫ ከሚከተሉት አንዱ ነው።

የኮንክሪት ቢም ያለው ቤት ከሆነ በቢሙ ላይ መስቀል ይቻላል። ብሎኬት ግን ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸሩ እየሰፋ ይወጣል፤ በብሎኬት ላይ አይስቀሉ። ግቢ ካለዎት ከሁሉ የሚሻለው ሁለት የባሕር ዛፍ ምሰሶ ተክሎ በአግዳሚ ማያያዝ ነው፤ አሠራሩን ከታች እገልጻለሁ። የኪራይ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆኑና አከራዩ ግድግዳ እንዲነካ የማይፈቅድ ከሆነ፣ መቀመጫው ውኃ ወይም አሸዋ የሚሞላ፣ በራሱ የሚቆም ከረጢት ይግዙ። ይህ ዓይነቱ በጠንካራ ምት ስለሚንሸራተት ለኃይል ልምምድ ብዙም አያረካም፤ ለታዳጊዎችና ለእግር እንቅስቃሴ ግን በቂ ነው። መቀመጫውን በውኃ ፈንታ በደረቅ አሸዋ ቢሞሉት አሸዋ በመጠን ከውኃ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ መንሸራተቱ ይቀንሳል።

የከረጢት ዓይነቶችና የሚሰጡት ጥቅም

ከባዱ ከረጢት፦ ርዝመቱ ከ90 እስከ 120 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ሲሊንደር ቅርጽ ያለው፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው። ኃይልን፣ የተያያዙ ቡጢዎችንና ትንፋሽን ያሠለጥናል። አንድ ከረጢት ብቻ የሚኖርዎት ከሆነ ይህ ይሁን። ክብደቱ የሰውነትዎን ግማሽ ያህል ቢሆን ይመከራል፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 30 ኪሎ ገደማ ይበቃዋል። በጣም የቀለለው እንደ ዥዋዥዌ እየሄደ ያስቸግራል፤ በጣም የከበደው ደግሞ ከመንቀሳቀስ ይልቅ የምቱን ኃይል ወደ እጅዎ ይመልሳል።

ረጅሙ ከረጢት፦ 180 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን እስከ ወለል ስለሚወርድ ለእርግጫ ያገለግላል። ኪክ ቦክስ ወይም የታይ ቦክስ ለማይሠራ ሰው ትርፍ ወጪ ነው።

ባለ ሁለት ጫፉ ኳስ፦ ትንሽ ኳስ ከላይና ከታች በላስቲክ ተወጥራ በአገጭ ቁመት የምትንጠለጠልበት ነው። ስትመታ ተመልሳ ፊትዎ ላይ ስለምትመጣ ዒላማን፣ ጊዜን መጠበቅንና እጅን ወደ አገጭ መመለስን ታስተምራለች። ላስቲኩን በጣም ከወጠሩት ፍጥነቷ ለጀማሪ አይያዝም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላላ ያድርጉት።

የፍጥነት ኳስ፦ በእንባ ጠብታ ቅርጽ የተሠራች፣ በአየር የምትነፋ፣ ከክብ ጣውላ ሥር የምትሰቀል ናት። በጣም ወፍራሙ ክፍሏ በአፍዎ ትይዩ መሆን አለበት። ከተመታች በኋላ ጣውላውን ሦስት ጊዜ እስክትነካ ይጠብቁና እንደገና ይምቱ። ጆሮዎን ተከትለው ከሠሩ በሳምንት ይለምዱታል፤ በዓይን ልከተላት ያለ ሰው ግን ወር ይፈጅበታል።

የበቆሎ ከረጢት፦ የሰው ጭንቅላት የምታክል ትንሽ ከረጢት ስትሆን ስሟን ያገኘችው ቀድሞ በበቆሎ ትሞላ ስለነበር ነው። በፊት ቁመት ተሰቅላ ስትወዛወዝ ጭንቅላትን ግራና ቀኝ ለማሸሽ ያለማምዳል። እኛ አገር በበቆሎ መሙላቱን አልመክርም፤ አንዱ ተማሪዬ ሞልቶ ሰቅሎ በክረምቱ መጨረሻ ውስጧ ነቀዝ ብቻ አገኘ፣ ከሥሯም አይጥ ቀዳዳ አውጥቶላታል። ሰጋቱራና በላስቲክ የታሰረ ጥቂት አሸዋ ሞልተው ከ2 እስከ 4 ኪሎ ያድርሷት።

ለሥራው የሚያስፈልጉ ነገሮች

ከዚህ በታች የተዘረዘረው 35 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 100 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ላለው ከባድ ከረጢት ነው።

– አንድ ወጥ የጭነት መኪና ሸራ፣ 115 በ120 ሴንቲ ሜትር፤ እንዲሁም ለመቀመጫ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሸራ
– ለመታጠቂያ የሚሆን ጠንካራ ቀበቶ (አሮጌ የመኪና ደህንነት ቀበቶ ጥሩ ነው) 5 ሜትር
– 4 የብረት ቀለበት፣ ሰንሰለት፣ ሳይታገድ የሚሽከረከር መንጠቆ
– ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ
– ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ከረጢቱን እስኪሞላ
– ሁለት የባሕር ዛፍ ምሰሶ 3 ሜትር ከ30፣ አንድ አግዳሚ 3 ሜትር፣ ውፍረታቸው ከ15 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ
– ቡሎን ከነዳዶውና ከነሮንዴላው
– ሁለት የእጅ መጠቅለያ ጨርቅ፣ እያንዳንዱ 4 ሜትር ተኩል ርዝመትና 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው
– የከረጢት ጓንት፣ 12 ወይም 14 አውንስ (340 ወይም 397 ግራም)፤ ከ80 ኪሎ በላይ ለሚመዝን ሰው 16 አውንስ

ያገለገለ ሸራ ኮምቦልቻ ላይ በቀላሉ ይገኛል፤ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚያልፉት ከባድ መኪኖች የቀየሩትን ሸራ የሚሸጡና የሚሰፉ ሰዎች አሉ። ቁርጥራጭ ጨርቅም ከልብስ ስፌት ቤቶች በጆንያ ይሸጣል፤ ሳይሸጥ የሚሰጥዎትም አይጠፋም።

ከረጢቱን መሥራት

1. ሸራውን ያሰፉ። 35 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ከረጢት ዙሪያው 110 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የቀረው 5 ሴንቲ ሜትር ለመደራረቢያ ነው። ስፌቱ በሸራ ሰፊ መኪና፣ በወፍራም ክር፣ ሁለት መስመር ይሁን። የቤት ስፌት መኪና ክር በመጀመሪያው ወር ይበጠሳል።

2. ቀበቶውን ከታች አዙረው ያሰፉ። ሁለት ቀበቶ ከመቀመጫው ሥር ተሻግሮ፣ በአራት ጎን ወጥቶ፣ በአፉ ላይ ከአራቱ ቀለበቶች ጋር ይያያዝ። ምክንያቱም ክብደቱ በሸራው አፍ ብቻ ከተንጠለጠለ ቀለበቶቹ ሸራውን እየቀደዱ ይወጣሉ፤ በቀበቶው ላይ ሲያርፍ ግን ሸራው የሚሸከመው ምቱን ብቻ ነው።

3. ጨርቁን ያዘጋጁ። አዝራር፣ ዚፕና የብረት ቁልፍ አንድ ሳይቀር ያውጡ። ጨርቁን ከመዳፍ እምብዛም በማይበልጥ መጠን ይቁረጡ፤ ሙሉ ሱሪና ሹራብ ከተጨመረ በአንድ ቦታ እየተጠቀለለ ጉብታ ይፈጥራል። ጨርቁ ፍጹም ደረቅ መሆኑን ያረጋግጡ። የደሴ ክረምት ጉምና እርጥበት የሚበዛበት ስለሆነ በሐምሌና በነሐሴ የተሞላ ከረጢት ውስጡ ይሻግታል፤ ከተቻለ ሥራውን ከመስቀል በዓል በኋላ ያድርጉት።

4. ስፖንጁን በከረጢቱ ውስጠኛ ግድግዳ ዙሪያ ያስገቡ። እጅዎ በመጀመሪያ የሚያገኘው እርሱን ስለሆነ ይህን ደረጃ በቁጠባ ስም አይዝለሉት።

5. ጨርቁን በንብርብር ይሙሉ። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምረው በዘነዘና ይጠቅጥቁ፤ ከዚያ ቀጣዩን ይጨምሩ። ከታች ያለው ንብርብር ከላይ ባለው ክብደት ስለሚጠቀጠቅ፣ ታችኛውን ሢሶ በልኩ፣ የላይኛውን ሢሶ ግን በጉልበት ይጠቅጥቁት። አንድ ሰው ከረጢቱን አቅፎ ቀጥ አድርጎ ቢይዝልዎት ይጣመማል የሚል ሥጋት አይኖርም።

6. በክርንዎ ይፈትሹ። ከታች፣ ከመካከልና ከላይ ሲጫኑት በእኩል መጠን የሚገባ መሆን አለበት። አንዱ ቦታ እንደ ድንጋይ ከሆነብዎት አውጥተው እንደገና ይሙሉ፤ ሥራው ይሰለቻል፣ ሆኖም ያ ደረቅ ቦታ በኋላ የጣትዎ አጥንት የሚያርፍበት ይሆናል።

7. ይመዝኑት። ሚዛን ከሌለዎት ወፍጮ ቤት ይውሰዱት፤ በእህል ሚዛኑ ላይ በደቂቃ ያልቃል። ከቀለለዎት አሸዋን አንድ ኪሎ አንድ ኪሎ አድርገው በላስቲክ ቋጥረው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ በከረጢቱ መሐል ለመሐል ይጨምሩ፤ ቋጠሮዎቹ ግድግዳውን መንካት የለባቸውም። ጠቅላላ አሸዋው ከ8 ኪሎ አይለፍ።

ስለ አሸዋ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል፤ ከሁሉም ስሕተት አብዝቼ የማየው ይህ ነውና። «ጨርቅ ከምለቅም አሸዋ ልሙላው» የሚል ሰው ሁለት ነገር አላሰበም። አንደኛ፣ ከላይ በተጠቀሰው መጠን የተሠራ ከረጢት ወደ 96 ሊትር ስለሚይዝ በአሸዋ ቢሞላ 150 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ይህን ለማንቀሳቀስ ቡጢ ሳይሆን ተሸካሚ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ በግማሽ ቢሞላ እንኳ አሸዋው በተመታ ቁጥር ወደ ታች እየሰፈረ ስለሚሄድ በወሩ ታችኛው ክፍል የተደለደለ ግድግዳ ይሆናል። የማዳበሪያ ከረጢት በአሸዋ ሞልተው በባዶ እጅ «እጅ ለማጠንከር» የሚመቱ ወጣቶች የሚያተርፉት ያበጠ አንጓ ነው።

መስቀል

1. ምሰሶዎቹን ከታች እስከ አንድ ሜትር ድረስ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀቡ፤ ያልተቀባ ባሕር ዛፍ በተለይ በኮምቦልቻ ሙቀት ለምስጥ ቀለብ ይሆናል።

2. በመካከላቸው 2 ሜትር ከግማሽ አራርቀው 80 ሴንቲ ሜትር ቆፍረው ይትከሉ፤ ዙሪያውን በድንጋይና በኮንክሪት ይሙሉት። ቢያንስ አንድ ሳምንት ሳይነኩት ይቆይ።

3. አግዳሚውን በ2 ሜትር ከግማሽ ከፍታ ላይ በቡሎን እሰሩ። ምስማር አይጠቀሙ፤ ውዝዋዜ ምስማርን ቀስ በቀስ ይነቅላል፣ ቡሎንን ግን በዳዶው መልሰው ማጥበቅ ይችላሉ። ከምሰሶው ወደ አግዳሚው በሁለቱም በኩል ሰያፍ ድጋፍ ይጨምሩ።

4. ከመስቀልዎ በፊት ሁለት አዋቂ ሰዎች በአንድ ጊዜ አግዳሚው ላይ ይንጠልጠሉበት፣ ጥቂትም ይወዛወዙበት። የሚንቋቋ ድምፅ ከሰሙ ወደ ቡሎኑ ይመለሱ።

5. ቁመቱን ያስተካክሉ። የከረጢቱ ጫፍ ከጭንቅላትዎ አናት ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ፣ ታችኛው ጫፍ ደግሞ የጭንዎ አጋማሽ አካባቢ ይሁን። ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ወደ ሆድ የሚሰነዘረውን ቡጢ መለማመጃ ያጣሉ፤ ዝቅ ካለም ጎንበስ ብሎ መምታትን ይለምዳሉ።

እጅን መጠቅለል

ጓንት ብቻውን የሚያለሰልሰው የምቱን ፊት ነው፤ የእጅ አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዘውና የመዳፍን ትናንሽ አጥንቶች አንድ ላይ የሚያስረው መጠቅለያው ነው።

1. ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ። ጣቶችዎን አራርቀው ይዘርጉ፤ በተጨበጠ እጅ ላይ የተጠቀለለ ጨርቅ ሲዘረጉት ያንቃል።
2. በጨርቁ ጫፍ ያለውን ማነቆ በአውራ ጣትዎ ያስገቡና ጨርቁን በእጅዎ ጀርባ በኩል ወደ አንጓዎ ያሳልፉ፤ አንጓዎን ሦስት ጊዜ ይዙሩ።
3. መዳፍዎን ከጣቶች ሥር ሦስት ጊዜ ይዙሩ።
4. ከአንጓ እየተነሡ በትንሿና በቀለበት ጣት መካከል፣ በቀለበትና በመሐል ጣት መካከል፣ በመሐልና በሌባ ጣት መካከል አንድ አንድ ጊዜ ያሳልፉ።
5. አውራ ጣትን አንድ ጊዜ ዙረው፣ የቀረውን በጣቶች ሥር ባሉት ጉብታዎች ላይ ደርበው፣ አንጓ ላይ ይጨርሱ።
6. ይጨብጡ፤ ጥብቅ ሊልዎት ይገባል። ይዘርጉ፤ ጣትዎ ከደነዘዘ ወይም ጥፍርዎ ከጠቆረ ፈትተው እንደገና ይጠቅልሉ።

የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ልምምድ

በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት ዙር ይበቃል። ዙሩ 2 ደቂቃ፣ ዕረፍቱ 1 ደቂቃ ይሁን፤ ከወር በኋላ ወደ ተለመደው 3 ደቂቃ ያሳድጉት። ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል፣ ከኮምቦልቻ መጥቶ የሚለማመድ ሰው በመጀመሪያው ቀን ትንፋሹ ቶሎ ቢያጥርበት አይደንግጥ፤ አንድ ዙር ይቀንስ።

1. ለ10 ደቂቃ በገመድ ዝላይና በትከሻ ማዞር ሰውነትዎን ያሙቁ። በደሴ ማለዳ ብርድ ሳይሞቁ መምታት የትከሻ ጅማት ይጎዳል።

2. ርቀትዎን ይለኩ። የግራ እጅዎን ሲዘረጉ (ግራኝ ከሆኑ ቀኙን) ክርንዎ ሙሉ በሙሉ ከመወጠሩ ትንሽ ቀደም ብሎ ቡጢዎ ከረጢቱን መንካት አለበት። እጅግ ከተጠጉ ምቱ ግፊት ይሆናል፤ ከራቁም ክርንዎ ባዶ ላይ ተወጥሮ ይታመማል።

3. አንደኛው ዙር፦ ጃብ (በፊተኛው እጅ የሚሰነዘር ቀጥተኛ ምት) ብቻ። በሌባና በመሐል ጣት ጉብታ ይምቱ፤ አንጓዎ ከክንድዎ ጋር አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሁን። በትንሿ ጣት በኩል የሚያርፍ ቡጢ የእጅ አጥንት ስብራት የተለመደ ምክንያት ነው።

4. ሁለተኛው ዙር፦ ጃብና ክሮስ (በኋለኛው እጅ የሚሰነዘር ቀጥተኛ ምት)። ኃይሉ የሚነሣው ከኋላ እግርዎ ተረከዝና ከወገብዎ መዞር ነው። የመታው እጅ በመጣበት መስመር ወደ አገጭ ይመለስ፤ ያልመታው እጅ ከአገጭ አይለይ።

5. ሦስተኛው ዙር፦ በከረጢቱ ዙሪያ ይንቀሳቀሱ። ሲወዛወዝ በእጅ አያቁሙት፤ ወደ ጎን ተራምደው ሲርቅ ይምቱት። አንጓው ገና ያልጸና ጀማሪ ወደ እርሱ የሚመጣን 30 ኪሎ ፊት ለፊት በሙሉ ኃይል መቀበል የለበትም።

6. አራተኛው ዙር፦ ጉልበትዎን አጥፈው ዝቅ ብለው ወደ ሆድ ቁመት ሁለት፣ ወደ ጭንቅላት ቁመት አንድ ይምቱ። ሁክን (ከጎን ዞሮ የሚመጣ ምት) እና አፐርከትን (ከታች ወደ ላይ የሚሰነዘር ምት) እስከ ሦስተኛው ሳምንት ያቆዩ፤ ሁለቱም አንጓን ስለሚያጣምሙ መጀመሪያ ቀጥተኛው ምት ይጽና።

ልክ መምታትዎን በጆሮ ይለዩታል። ጥሩ ምት አጭር «ዱብ» ብሎ ከረጢቱ በቆመበት ይርገፈገፋል። ከረጢቱ ያለ ድምፅ ራቅ ብሎ ከሄደ ገፍተውታል ማለት ነው፤ ጎብኚ ሲያይ ያምራል፣ ልምምድ ግን አይደለም።

ማስጠንቀቂያ

በትንሿ ጣት ሥር እብጠትና ሲጨብጡ የሚብስ ሕመም ከተሰማዎት ልምምዱን አቁመው ጤና ተቋም ይሂዱና ራጅ ይነሡ፤ ወጌሻ ጋ ሄዶ ማሳሸት የተሰነጠቀን አጥንት ያፈናቅላል። የደረት ሕመም፣ ማዞር ወይም የዓይን መጨለም ከመጣ በዚያው ዙር ያቁሙ። ሕፃናት ያሉበት ቤት ከሆነ ከልምምድ በኋላ ከረጢቱን ያውርዱ ወይም ወደ ላይ ጠቅልለው ይሰሩት፤ ሰንሰለቱ ዥዋዥዌ ይመስላቸዋል። በከረጢቱ ዙሪያ በሁሉም አቅጣጫ ቢያንስ 1 ሜትር ነጻ ቦታ ይኑር፤ ከራስዎ በላይ የመብራት ሽቦ እንዳያልፍም ይጠንቀቁ።

ሌሎች ዘወትር የሚታዩ ስሕተቶች

ትንፋሽ ይዞ መምታት አንዱ ነው፤ በእያንዳንዱ ምት አጭር ትንፋሽ ያውጡ፣ አለዚያ በአንደኛው ዙር አጋማሽ ይደክማሉ። ሌላው በየቀኑ መምታት ነው፤ ቆዳና ጅማት ከጡንቻ ይልቅ ቀስ ብለው ስለሚጠነክሩ በመካከሉ አንድ ቀን ይረፉ። እርጥብ ጓንት በቦርሳ ዘግቶ ማሳደርም ስፖንጁን ያበሰብሳል፤ አፉን ከፍተው ነፋስ ላይ ይስቀሉት።

አዲስ ከረጢት በሁለተኛው ሳምንት ከላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጎድላል። አፉን ከፍተው ጨርቅ ይጨምሩበት፣ ይጠቅጥቁት፤ ከዚያም በየወሩ ይፈትሹት። በዚያው ቀን መሰላል ላይ ወጥተው የአግዳሚውን ዳዶ በቁልፍ ያጥብቁ፣ የሰንሰለቱን የላይኛውን ቀለበት ደግሞ በጣትዎ ይዳስሱ፤ ብረቱ እርስ በርሱ ተፋትጎ የሚሳሳው እዚያው ላይ ስለሆነ ከሌላው ቀለበት ቀጥኖ ካገኙት በማግሥቱ ሳይሆን በዕለቱ ይቀይሩት።